ጠገራ ብር ስገዛና ስሸጥ



በአውሮጳና በአሜሪካ አሮጌ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች ማኅበር አላቸው። የአሜሪካኖቹ ማኅበር ከተቋቋመ ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይቈጠራል። እነዚህ ሰዎች በየጊዜው በአንድ ትልቅ አዳራሽ ይሰበሰቡና፤ ነጋዴው በየጠረጴዛው ላይ የመስተዋት ሣጥኑን ዘርግቶ፤ ገዢውም አጉሊ መነጽሩን ይዞ፤ ከጧት እስከ ማታ ሲገዙና ሲሸጡ፤ ሲያደንቁና ሲከራከሩ ይውላሉ። በእኛ በሐይቅና በአምባሰል ግን እንዲህ ያለ አዳራሽ የለም። የእኛ አዳራሽ ጣራው ሰማይ የሆነ ገበያ ነው። ጠረጴዛችን መሬት ላይ የተነጠፈ ጨርቅ፤ የመስተዋት ሣጥናችንም በብብት የሚያዝ ከረጢት ነው። የሆነ ሆኖ ሥራው ያው ነው። አንዱ የያዘውን ሳያውቅ ይመጣል፤ ሌላው ያንኑ ሲፈልግ ይውላል፤ በሁለቱም መካከል አንዲት ክብ ብር ትቀመጣለች።

እኔ ይህን ንግድ ከያዝሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። መኖሪያዬ ሐይቅ ከተማ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ በሐይቅና በውጫሌ ገበያ፤ ሰኞ ሰኞም በባቲ ገበያ እየዞርሁ ጠገራ ብር፤ የምኒልክ ብር፤ አላድና ግርሽ እገዛለሁ። የገዛሁትንም ለደሴ አንጥረኞችና በአዲስ አበባ በቸርችል ጎዳና ላሉ ባለ ሱቆች፤ አልፎ አልፎም ለሰብሳቢዎች እሸጣለሁ። ዛሬ ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ፤ ብዙ ሰው በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ሳያውቅ ሲሸጥ ማየቴ ነው። «ነጋዴ የንግዱን ምሥጢር እንዴት በአደባባይ ያወጣል?» ይሉ ይሆናል። ጥቂት ይታገሡኝ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግርዎታለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ጠገራ ብር ላስረዳ። በብሩ ላይ መልኳ የሚታየው ደርባባ ሴት ማርያ ቴሬዛ ትባላለች፤ የኦስትሪያ ገዥ ነበረች። የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ሲሆን፤ ብሩም ከዚያ ወዲህ ሲመታ የኖረው ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ይህ ብር የተሠራው በ1780 ነው፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል» ብሎ ዋጋ ቢያስወጣብዎ ወዲያው አይመኑት። ይኸው 1780 በቪየና ብቻ ሳይሆን በሮማ፤ በለንደን፤ በፓሪስ፤ በብራስልስና በቦምቤይም ተመትቷል። ኦስትሪያ በ1858 እ.ኤ.አ. በገዛ አገሯ ገበያ እንዳይሠራበት አደረገች፤ ነገር ግን የእኛ አገርና የዐረብ አገር ነጋዴ ከዚህ ሌላ አልቀበልም ስላለ፤ ለውጭ ንግድ ስትል መምታቷን አልተወችም።

ባላገሩ በዚህች ሴት ላይ የነበረው እምነት የሚያስገርም ነው። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምቱ፤ በመንገድ ለሚገዙት እህልና ለሚከራዩት የጭነት ከብት የሚከፍሉትን ጠገራ ከቪየና አስመትተው ይዘው መጡ፤ ሌላ ገንዘብ የሚቀበላቸው አልነበረምና። ኢጣሊያኖችም በ1918 እ.ኤ.አ. ጠገራን የምትመስል፤ የሴት መልክ ያለባት ሌላ ብር መትተው ወደ ገበያ አወጡ። ገበያተኛው ግን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «ይህችስ እርሷ አይደለችም» ብሎ መለሰላቸው። በኋላም አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጁ በ1935 እ.ኤ.አ. የእውነተኛዋን ብር መምቻ ከኦስትሪያ ተቀብለው በሮማ መምታት ጀመሩ። እንግሊዞችም ይህን አይተው በዓመቱ በለንደን መቱ። እንግዲህ በአንድ የባቲ ሴት የአንገት ጌጥ ላይ የተሰካው ብር ከየትኛው አገር እንደ መጣ ማወቅ ለእኛ ለነጋዴዎች ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

አንድ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ከሺህው እጅ 833ቱ ጥሩ ብር ነው፤ የቀረው መዳብ ነው። ስለዚህ በአንድ ጠገራ ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር 23.4 ግራም ያህል ይሆናል። የቀድሞ ነጋዴዎች ይህን ያህል ያምኑት ስለ ነበረ ሚዛን ላይ ሌላ ዕቃ ይመዝኑበት ነበር፤ ወቄት የሚባለው መለኪያ ከአንድ ጠገራ ክብደት ጋር የተስተካከለ ነው።

እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት እንዴት ነው? አባቶቻችን ሦስት ፈተና ነበራቸው። የመጀመሪያው ጆሮ ነው። ብሩን ድንጋይ ላይ ጣል ሲያደርጉት ጥሩው ቅጭል ብሎ ድምፁ ይቈያል፤ እርሳስ የተቀላቀለበት ግን ዱብ ብሎ ዝም ይላል። ሁለተኛው ጥፍር ነው። በራሷና በትከሻዋ ላይ ያሉት የዕንቍ ፈርጦች አንድ በአንድ የሚቈጠሩ መሆን አለባቸው፤ በአፈር ቅርጽ የተፈሰሰ ሐሰተኛ ብር ፈርጡ እርስ በርሱ ተደባልቆ አንድ ጕብታ ይሆናል። ሦስተኛው ዳሩ ነው። በእውነተኛው ብር ዳር ዙሪያውን በላቲን ቋንቋ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ፤ ትርጓሜውም «ፍትሕና ርኅራኄ» ማለት ነው። እኔ በእነዚህ ላይ ሁለት እጨምራለሁ፤ ትንሽ ሚዛንና ማግኔት። ማግኔት የሚስበው ብር፤ ብር አይደለም።

ሐሰተኛ ገንዘብ የድሮ በሽታ መሆኑን የሚመሰክር አንድ ነገር ልጨምር። በ1937 ዓ.ም. ከነጻነት በኋላ አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ፤ አምሳ ሳንቲሙ ከብር፤ ሃያ አምስቱ ደግሞ ከመዳብ የተሠራ ነበር። ሁለቱም ክብ፤ መጠናቸውም የተቀራረበ ስለ ነበረ፤ ብልጣ ብልጦች ሃያ አምስቱን ብር እየቀቡ በአምሳ ያሳልፉት ጀመር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መንግሥት መላ አገኘ፤ የሃያ አምስቱን ዳር እንደ አበባ ቅጠል ከርክሞ ዐይን ለሌለው እንኳ በጣት የሚለይ አደረገው። ዳሩ የተከረከመ አሮጌ የመዳብ ሃያ አምስት ሳንቲም በእጅዎ ቢገባ፤ ያ ጌጥ አይደለም፤ የሌባ መከላከያ ነው።

አሁን ወደ ምኒልክ ብር ልለፍ። ይህን ብር በውጫሌ ገበያ በእጄ ስይዝ ከሌላው ቦታ ይልቅ ልዩ ስሜት ይሰማኛል። የአምባሰል ወረዳ ከተማ የሆነችው ውጫሌ፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣሊያ መልእክተኛ በአንቶኔሊ መካከል ለተደረገው ውል ስሟን የሰጠች ናት። ስለ ውሉ 17ኛ አንቀጽ ያልሰማ ተማሪ የለም። እኔን የብር ነጋዴውን ግን ይበልጥ የሚደንቀኝ፤ ጥቂት ወራት ቈይቶ፤ በጥቅምት 1889 እ.ኤ.አ. ደጃዝማች መኰንን ኢጣሊያ በሄዱ ጊዜ የተፈረመው ተጨማሪ ውል ነው። በዚያ ውል ኢጣሊያ 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር እንድታገኝላቸው ተስማማች፤ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ለአገሩ ልዩ ገንዘብ ማስመታት እንደሚችልም ተጻፈ፤ ነገር ግን የሚመታው በኢጣሊያ ንጉሥ የገንዘብ መምቻ ቤት እንዲሆን ተወሰነ። በ1885 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የውጫሌን ውል አልቀበልም አሉ። በዚያው ዓመት የራሳቸው ገንዘብ እንዲወጣ አዘዙ፤ ብሩም የተመታው በሮማ ሳይሆን በፓሪስ ነው። በአንድ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፤ በሌላው በኩል ባለ መስቀል ሰንደቅ የያዘ አንበሳ አለበት። የአድዋ ጦርነት ከመሆኑ በፊት፤ ነገሩ በዚህች ክብ ብር ላይ ተጽፎ ነበር ማለት ይቻላል።

ይህም ብር እንደ ጠገራ 28 ግራም ያህል ነው፤ ባላገሩ ከለመደው እንዳይርቅ ተብሎ ነው። ቢሆንም በብዙ ቦታ ሰው ቶሎ አልተቀበለውም፤ ሴቲቱን ስጡኝ ይል ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ጠገራ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቈጠር ስለ ተመታ ብዙውን ጊዜ ዋጋው የብሩ ክብደት ነው፤ የምኒልክ ብር ግን ቍጥሩ ጥቂት ስለ ሆነ፤ ይልቁንም ፲፰፻፹፯ የሚል ዓመተ ምሕረት ያለበት፤ ሰብሳቢ የሚሻው ነው። በአንዳንዱ ላይ አንበሳው ግራ እግሩን፤ በአንዳንዱም ላይ ቀኝ እግሩን ያነሣል፤ ለሰብሳቢው ይህም ልዩነት ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ብር ሦስት ዋጋ አለው። አንዱ የአንጥረኛ ዋጋ ነው፤ አንጥረኛ የሚገዛው ግራሙን ነው። ሁለተኛው የጌጥ ዋጋ ነው፤ ማንጠልጠያ ተበይዶለት በድሪ ላይ የተሰካውን ባለ ሱቁ ለእንግዳ ይሸጠዋል። ሦስተኛው የሰብሳቢ ዋጋ ነው። ሰብሳቢው ደግሞ የጌጡን ተቃራኒ ይፈልጋል፤ ያልተበሳ፤ ያልተበየደ፤ ያልተፈገፈገ። ነጋዴው ሦስቱንም ያውቃል፤ ሻጩ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በዚህ በማወቅና ባለማወቅ መካከል ያለው ስፋት ነው የነጋዴው እንጀራ። እንጀራ መሆኑ አይካድም፤ ምን ያህሉ እንጀራ፤ ምን ያህሉ ደግሞ ቅሚያ እንደሆነ ግን እያንዳንዱ ነጋዴ ለብቻው ይመልሳል።

አንድ ጊዜ በውጫሌ ገበያ አንዲት የደጋ ሴት ወደ ጨርቄ መጡ። በአንገታቸው ስድስት ጠገራ በክር ተሰክቷል፤ በመቀነታቸው ጫፍ ደግሞ አንዲት ብር ተቋጥራለች። ልጃቸው ደሴ ሆስፒታል ተኝቶ ነበረና ገንዘብ ቸኵለዋል። ሰባቱንም በአንድነት መዝነህ ውሰድ አሉኝ። ቋጠሮውን ብፈታው የምኒልክ ብር ነው፤ ያልተበሳ፤ ያልተበየደ፤ የአንበሳው ጐፈር እንኳ ገና አልጠፋም።

«እናቴ፤ ስድስቱን በሚዛን ልግዛዎት። ይህችን ግን በሚዛን አይሽጧት፤ የሦስት ጠገራ ዋጋ ታወጣለች» አልኋቸው።

ይደሰታሉ ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን ብሩን ከእጄ ነጠቅ አድርገው ያዙና «በአላህ፤ አንተ ነጋዴ አይደለህም እንዴ? የሰው ዕቃ የሚያወድስ ነጋዴ አይቼ አላውቅም። ምን ልታደርገኝ ነው?» ብለው ተነሥተው ሄዱ። አጠገቤ የተቀመጠው ነጋዴም ሳቀብኝ። እኔም ፈረድሁባቸው አልልም። ሰው ስንት ጊዜ ቢታለል ነው እውነት ሲነግሩት የሚደነግጠው?

ከሰዓት በኋላ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ተመለሱ። ገበያውን ሁሉ ዞረው፤ ሁሉም በሚዛን ብቻ እንግዛ ብሏቸዋል። አሁን አንድ የወንድማቸውን ልጅ፤ ተማሪ፤ ይዘው መጥተዋል። ብሩን ለልጁ ሰጠሁትና ዓመተ ምሕረቱን አንብብ አልሁት። ልጁም የግእዙን ቍጥር በጣቱ እየተከተለ «ዐሥራ ስምንት መቶ ሰማንያ ሰባት» ብሎ አነበበ። ከዚያም ወደ አክስቱ ዞሮ፤ ይህ ብር ከአድዋ ጦርነት በፊት የተመታ መሆኑን አስረዳቸው። ሴትዮዋ ልጁን አመኑት እንጂ እኔን አላመኑኝም፤ ይሁን፤ ነገሩ ያው ነው። ቈመው የሚያዩት ሴቶችም «አብሽሪ፤ ልጅሽ ይድናል» እያሉ አጽናኗቸው። ለሐኪም ቤት የሚያስፈልጋቸው የአራት ጠገራ ዋጋ ያህል ነበር። ስለዚህ የምኒልክን ብርና አንድ ጠገራ ሸጡልኝ፤ አምስቱ ጠገራ በአንገታቸው ላይ እንደ ተሰካ ወደ ደጋ ተመለሰ። እኔም ብሩን በአዲስ አበባ ለአንድ ሰብሳቢ ሸጬ የድካሜን አገኘሁ። ያ ሰብሳቢ ዋጋውን ሲከፍል ያየው የብሩን ፊት ብቻ ነው፤ ስለ አምስቱ የሚያውቅ እኔ ነኝ።

ስለ መሸጥም ልንገርዎ። መሸጥ ከመግዛት ይከብዳል። አንጥረኛ ጥሬ ገንዘብ ወዲያው ይቈጥራል፤ ሰብሳቢ ግን በስድስት ወር አንድ ጊዜ ይመጣል፤ መጥቶም ሁለት ሰዓት ያህል በአጉሊ መነጽር አገላብጦ አንዱን መርጦ ይሄዳል። እህል በተወደደበት ዓመት ጠገራ በብዛት ይወጣል፤ ገዢ ደግሞ በዚያው ዓመት ይጠፋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ድርቅ በጎዳው ጊዜ የእናቶች ድሪና አልቦ እንዴት በእህል እንደ ተለወጠ ሽማግሌዎች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። በዚያ ጊዜ የቀለጠ ብር ዛሬ በመስቀልና በቀለበት መልክ ይገኝ ይሆናል፤ እንደ ብር ግን አይገኝም። ስለዚህ እኔ ልማድ አድርጌ የያዝሁት አንድ ነገር አለ። ወደ አንጥረኛ ከመሄዴ በፊት የገዛሁትን ሁሉ በመብራት እለያለሁ። የተበሳውንና ፊቱ የጠፋውን ለአንጥረኛ እሰጣለሁ፤ ጤነኛውን አስቀራለሁ። ይህ ገንዘቤን ለወራት ያስርብኛል። ነገር ግን የቀለጠን ብር መልሶ የሚመታ አንጥረኛ የለም።

የማልገዛውም አለ። አንድ ወጣት በሐይቅ ገበያ ከጥፍር ብዙ የማትበልጥ የወርቅ ገንዘብ በወረቀት ጠቅልሎ አመጣልኝ፤ የአክሱም ነው አለ። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምረው በወርቅ፤ በብርና በመዳብ ገንዘብ መትተዋል፤ በገንዘቡ ላይ ስሙ የሚታወቀው የመጀመሪያው ንጉሥ እንዱቢስ ነው። ንጉሥ ኢዛናም ክርስትናን በተቀበለ ጊዜ በገንዘቡ ላይ የነበረውን የጨረቃ ምልክት በመስቀል ለውጧል። እኔም ለልጁ እንዲህ አልሁት። «ወንድሜ፤ ይህ ሐሰተኛ ከሆነ ገዝቼ ሌላ ሰው አላታልልም። እውነተኛ ከሆነም የአገር እንጂ የአንተም የእኔም አይደለም። ከመሬት ያገኘኸው እንደሆነ ወደ ባህል ጽሕፈት ቤት ውሰድና አስመዝግበው።» በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ልጁ ተቈጥቶ ሄደ። ከቤተ መቅደስ ወይም ከመስጊድ የወጣ የሚመስለውንም ሁሉ እንዲሁ አልነካም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በዐሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞአ ዘመን የተጻፈ ወንጌል እስከ ዘመናችን የጠበቀው፤ በመካከሉ ያለፉት ሰዎች ሁሉ «አይሸጥም» ማለትን ስላወቁ ነው።

እንግዲህ በሣጥንዎ ውስጥ አሮጌ ብር ካለ ምክሬ ይህ ነው። አይፈግፍጉት። ሰው ብሩን በአመድና በሎሚ አሽቶ አብረቅርቆ ሲያመጣልኝ ልቤ ያዝናል፤ ያ ጥቍረት እድፍ ሳይሆን የዕድሜው ምስክር ነው፤ ሰብሳቢም ለተፈገፈገ ብር ዋጋ ይቀንሳል። አይብሱት፤ አይበይዱት። በመሸጫው ቀን ለአንድ ነጋዴ ብቻ አያሳዩ፤ ለሦስት ያሳዩ፤ እኔንም ቢሆን ከሦስቱ እንደ አንዱ ይቍጠሩኝ። የግእዝ ቍጥር የሚያነብ ልጅ ይዘው ይሂዱ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብሩ የማን እንደ ነበረ፤ በጥሎሽ ይሁን በእህል ሽያጭ እንዴት እንደ ተገኘ ጠይቀው በወረቀት ይጻፉና አብሮት ያስቀምጡ።

ምሥጢሬን ለምን እንዳወጣሁ እነግርዎታለሁ ብዬ ነበር። አንደኛው ምክንያት ጥቅሜ ነው፤ አልደብቅም። የሚያውቅ ሻጭ ብሩን ሳይፈገፍግና ሳይበሳ ያመጣልኛል፤ እኔም የተሻለ ዕቃ እገዛለሁ። ሁለተኛው ግን ገበያው ራሱ ነው። ሰው እውነት የነገረውን ነጋዴ ፈርቶ የሚሸሽበት ገበያ ውሎ አድሮ ለማንም አይሆንም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ እስኪጠራ ድረስ ግን ስንቱ ብር ይቀልጣል። ፍትሕና ርኅራኄ በብሩ ዳር ላይ የተጻፈው ዳሩን የሚቦረቡር ሌባ እንዳይኖር ተብሎ ነው ይላሉ አዋቂዎች። እንግዲያው ጽሑፉ ጠባቂ ነው ማለት ነው። ነጋዴውና ሻጩ ቢያነቡት ደግሞ መልካም ነበር።

አንድ ጠገራ ሲቀልጥ የሚተርፈው ሃያ ሦስት ግራም ያህል ንጹሕ ብር ነው። ስለዚህ ከመሸጥዎ በፊት አያትዎን ቁጭ አድርገው ይጠይቋቸው። ጠይቀውም፤ ጽፈውም፤ ሊሸጡ ከቈረጡ፤ እኔ በሐይቅ ገበያ አለሁ።